ለትልቅ ሰው ይወረዳል

ከሰፈራችን እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በብስክሌት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። በእናቴ ሕግ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅ ነበር። ልዩነቱ በሙሉ ሰላምታ ነው።

ሰፈራችን ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ ሳሊተ ምሕረት በሚባለው በኩል ነበር። አሁን ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። ቀበሌው የከተማ፣ ጭቃው የገጠር ነበር። እኔ የሺመቤት እባላለሁ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል ዕቃ መዝጋቢ ነበርኩ። ቁጡ ነኝ። ይህን እናቴም፣ አለቃዬም፣ የገርጂ ውሾችም ያውቃሉ።

አውቶቡስ እንዴት እንደምጠላ ብነግራችሁ አታምኑኝም። አንድ ሰዓት ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ሲመጣ በአንድ ጎኑ አዘንብሎ፣ ሰው በበሩ ተንጠልጥሎ ነው። እንደምንም ከገባሁ ደግሞ እስክወርድ ድረስ አፍንጫዬ የሰው ብብት ሥር ነው። አንድ ቀን የካፖርቴ ሁለት ቁልፎች እዚያው ቀርተው፣ የማላውቃት ሴት ነጠላ ትከሻዬ ላይ ተጠምጥሞ ወረድኩ። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይመጣ ነበር፤ የትኞቹን ሦስት ቀን እንደሆነ ሾፌሩም አስቀድሞ አያውቅም። እንዲህ እያልኩ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ አረፈድኩና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ አንድ ብስክሌት ነበር። የወንድሜ የአለም ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ የቻይና ሥሪት፣ ደወሉ ከሩቅ የሚሰማ። አለም ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሲሄድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ጓዳ አቆመው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ጦርነቱም፣ ስለ እናታችንም ብዙ አላወራም። ጎማው ሳይነፋ እንዳይነዳ፣ ባዶ ጎማ ላይ ሰው ከተቀመጠበት እንደሚቀደድ፣ ጠዋት ጠዋት በአውራ ጣት ተጭኜ እንድሞክረው ነው የነገረኝ። እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ ይህ ልጅ ከእኔ ይልቅ የሚያሳስበው ጎማው ነው እያለች ትስቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ደብዳቤ ይመጣልን ነበር። ከዚያ ቆመ። ከሰሜን የሚመጣው ወሬ እየከፋ፣ ሬዲዮው ማርሽ እያበዛ ሄደ፤ ከአለም ግን አንድ መስመር የለም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መጻፌን አልተውኩም። ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም፤ የምጽፈው ያው የቤትና የመንገድ ወሬ ነው። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ጻፍኩ።

ብስክሌቱን ልውሰድ ስል እናቴ እንቢ አለች። ከረጢቱን መፍታት ማለት ልጁን መርሳት መሰላት። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ካነበብኩላት በኋላ ግን በሦስተኛው ቀን ራሷ ገመዱን ፈታችው። ለመንዳት የተማርኩት ታጭዶ ባለቀ ማሳ ላይ ነው፤ ክርኔንም ጉልበቴንም ላጥኩ፣ የሰፈር ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እኔ ግን በአራተኛው ቀን ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የምለብሰው የካርጎ ቱታ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ምን ትሠራለች ያለኝን ሁሉ፣ ሥራ ትሄዳለች እያልኩ አለፍኩት።

እናቴ ወይዘሮ ወርቅዬ ቡልጋ ያደገች ናት፤ አባቷ በቅሎ ነበራቸው። ሕጉን ያወጣችው በመጀመሪያው ጠዋት፣ አንድ እግሬን ፔዳል ላይ ካደረግኩ በኋላ ነው።

«በቅሎ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ሰው ሲያይ ይወርዳል» አለች። «ብስክሌት ከበቅሎ አይበልጥም።»

እናም እወርድ ነበር። ከቤት ወጥቼ ሁለት ደቂቃ ሳልነዳ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገብረየስ በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሲናገሩ ብይን የሚያነቡ ይመስላል። እወርዳለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ፣ የእናቴን፣ የጤናዬን፣ የሥራዬን ነገር በየተራ እመልሳለሁ። ወጣ ስል የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ አለ። ስኳር መጣ ሲባል ስኳር፣ ሳሙና መጣ ሲባል ሳሙና፣ ምንም ሳይባልም እንዲሁ የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። ከፊት ሁልጊዜ ወይዘሮ ደሪቱ አሉ። ለእሳቸው ከወረድኩ ከኋላቸው ያሉት ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸውና ሰልፉን በሙሉ እየሳምኩ እስከ ጫፍ እሄዳለሁ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው፤ እዚያም ይወረዳል። ገርጂ ስደርስ ደግሞ አባባ ሁንዴ በበቅሎአቸው ይመጣሉ። ማሳቸው እዚያ ነው፤ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት የነበሩ የአገሬው ሰው ናቸው። እኔ ከብስክሌቴ፣ እሳቸው ምንም ግዴታ ሳይኖርባቸው ከበቅሎአቸው እንወርዳለን።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ የሺ። በቅሎሽ ዛሬም ሣር አልበላችም?» ይሉኛል።

ያስቁኛል። ግን የሁሉም ሰላምታ መጨረሻው አንድ ነው። ጋሽ ገብረየስ ሬዲዮናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ወይዘሮ ደሪቱ እጄን ሳይለቁ ይቆያሉ፣ አባባ ሁንዴ መሬት መሬት ያያሉ፤ ከልጁ ወሬ አለ ወይ ይላሉ። የለም እላለሁ። በየቀኑ ስሄድ ሦስት ጊዜ፣ ስመለስ ሦስት ጊዜ የለም እላለሁ። ሕጉን የጠላሁት ስለሚያስረፍደኝ አይደለም፤ ያቺን የለም ስለሚያሰኘኝ ነው።

ከአባባ ሁንዴ በኋላ ያሉት አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ግን የእኔ ናቸው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ፔዳሉን መርገጥ አያስፈልግም። ነፋሱ በቱታዬ እጅጌ ይገባና ጀርባዬን ይነፋዋል። ውሾቹ እስከ ድንበራቸው ድረስ ያባርሩኝና ያዛጋሉ። ጎማዬ ጭቃ ነክሶ፣ የግራር እሾህ ወግቶት የማዝንበት ቀን አለ፤ ኬላው ላይ ያለው የአብዮት ጥበቃ ሰው በየቀኑ እያየኝ በየቀኑ መታወቂያ ይጠይቀኛል። ይሁን። አጥሩ ጋ ስደርስ አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ከመጣ ግን ሁሉንም እረሳዋለሁ፤ እሽቅድምድም እገጥመዋለሁ። ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ ሁልጊዜ እገጥመዋለሁ። ይህንንም ለአለም ጽፌለት ነበር።

በሰማንያ አንድ ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ቀን። ከምሳ በኋላ ሣጥን እየቆጠርኩ ሳለሁ አብዱልሐሚድ መጣ። አብሮኝ የሚሠራ የጭነት ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ወታደሮቹ ባሉበት በኩል አንድ አውሮፕላን ከአስመራ ቁስለኛ ይዞ አርፎ፣ ሰው ስላነሳቸው ለማውረድ ተልኮ ነበር። ግራ የተጋባ ፊት ይዞ መዝገቤን በእጁ ከደነውና ወንድም እንዳለኝ ጠየቀኝ።

«ክራንች የያዘ ረጅም ልጅ ነው» አለ። «ካርጎ የምትሠራ የሺመቤት የምትባል እህት አለችኝ አለ። አውቃታለሁ አልኩት። ‹ጎማውን ሳትነፊ እንዳትነጂ በላት› አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ትኩሳት ያለበት መሰለኝ።»

ሣጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። አለም አለ። አለም ቦሌ ነው። ደግሞም ብስክሌቱን እንደምነዳ ያውቃል፤ ሲሄድ መንዳት አልችልም ነበርና ያንን የነገረው እኔ ከጻፍኩት በቀር ማንም የለም። ደብዳቤዎቼ ሁሉ፣ ወደ ባዶ የጣልኳቸው የመሰሉኝ ሁሉ፣ ደርሰውት ነበር። አብዱልሐሚድን አቅፌ ሳምኩት፤ ምስኪኑ መዝገቡን ይዞ ደንግጦ ቆመ።

ወደ ወታደሮቹ በር ሮጥኩ። ጥበቃ ላይ ያለው አሥር አለቃ አላስገባኝም። ቁስለኞቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ዘይት ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ እህት፣ ዘመድ፣ ጓደኛ ማስገባት ክልክል ነው አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እንደገና ለመንኩት። በመጨረሻ ፊቱን አዞረና፣ እናት ከመጣች ግን እኔም እናት አለኝ አለ። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር።

አብዱልሐሚድ ለአለቃችን እሱ እንደሚነግርልኝ ቃል ገባና ብስክሌቴን አወጣልኝ። እንዴት እንደነዳሁ አሁንም ይገርመኛል። ሲመጣ ቁልቁል የነበረው ሲመለስ ዳገት ነው፤ ሌላ ጊዜ ወርጄ የምገፋውን ቆሜ እየረገጥኩ ወጣሁት። ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም፤ ፊቴ በእንባ ርሷል፣ አፌ ተከፍቷል፣ የፀጉሬ ሻሽ የት እንደወደቀ እንጃ። ገርጂ ላይ አባባ ሁንዴ ከሩቅ አይተውኝ እንደ ልማዳቸው ከበቅሎአቸው ወርደው ጠበቁኝ። ደወሌን ደውዬ አለፍኳቸው። የቤተ ክርስቲያኑን በር አለፍኩ። ሰልፉን በሙሉ፣ ወይዘሮ ደሪቱ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ አለፍኩት። ጋሽ ገብረየስ ከዱካቸው ሲነሱ ከአይኔ ጠርዝ አየሁ። ልቤ ውስጥ የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዎቹ ምን እንደሚያስቡ አንዴም አልመጣልኝም።

ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዳቸው የወረድኩ ልጅ፣ ፀጉሬ ተበትኖ፣ እያለቀስኩ፣ ሳልወርድ አለፍኩ። ወንድሜ ጦር ሜዳ ነው። ምን ሊያስቡ ነበር?

እናቴ ደጅ ሰፌድ ይዛ ስንዴ ትለቅማለች። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ጣልኩት። ትንፋሼ አልወጣ አለኝ። «እማዬ» አልኩ፤ «አለም» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ቃል የለኝም፣ ደረቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። እናቴ ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ቀና ብዬ ልነግራት ስል የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። አባባ ሁንዴ እየጋለቡ ደረሱ። ከኋላቸው ጋሽ ገብረየስ በጋቢያቸው፣ ወይዘሮ ደሪቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከእሳቸው ኋላ የስኳሩ ሰልፍ ከሞላ ጎደል። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው። ያቺ ቅብጥብጥ ልጅ ለብቻዋ ነግራ እናቷን ልትገድል ነው ብለው እየሮጡ መጥተዋል።

«ወይዘሮ ወርቅዬ» አሉ ጋሽ ገብረየስ በዚያ በብይን ድምፃቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

እናቴ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። ወይዘሮ ደሪቱ ደግፈው ያዟት፣ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«አልሞተም» አልኩ ድምፄ ሲመለስ። «ቆስሎ መጥቷል። ቦሌ ነው ያለው።»

ይባስ ብለው አለቀሱ። የእኛን አገር መርዶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞተ አይባልም፤ መጀመሪያ ቆሰለ ይባላል፣ ሆስፒታል ገባ ይባላል፣ ልብ እስኪለምደው። እኔም ያልኩት ቃል በቃል እሱን ነው። ቆስሎ መጥቷል ባልኩ ቁጥር በእናቴ ጆሮ ልጇን እንደገና ቀበርኩት። በእግዚአብሔር ስም ማልኩ፤ ጮኼ ተናገርኩ። ወይዘሮ ደሪቱ በእንባ አይተውኝ፣ ልጄ ከእንግዲህ መደበቁ ምን ይሠራል አሉኝ። ተናደድኩ። በደስታዬ ሰው ሲያለቅስበት ማየት እንዴት እንደሚያናድድ ልነግራችሁ አልችልም። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል፣ አውቶቡሱ አይጠብቅም፣ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ጎማውን ሳትነፊ እንዳትነጂ በላት ብሎ ላከብኝ።»

ማልቀሷን አቆመች።

«ማን ነው ያለው?»

«እሱ ነዋ። ዛሬ። ለአብዱልሐሚድ ነው የነገረው።»

«መንዳትሽን በምን አወቀ?»

«በደብዳቤዬ። ደርሶታል፣ እማዬ። ሁሉም ደርሶታል።»

እናቴ አይኔን አየችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞረች።

«እሱ ነው» አለች። «የሞተ ሰው ስለ ጎማ አይጨነቅም።»

መጀመሪያ የሳቁት አባባ ሁንዴ ናቸው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እልል አለ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ስለ አሥራ አንድ ሰዓቱ ስነግራቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አውቶቡስ የማይታሰብ ነው፣ ታክሲ እዚያ ሰፈር አይገባም። አባባ ሁንዴ የበቅሎአቸውን ልጓም ለእናቴ ዘረጉላት። እናቴ በቅሎዋን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ አመነታች። ቡልጋ ያደገች ሴት ናት። ቢሆንም ከበቅሎዋ ብስክሌቱ እንደሚፈጥን ዓመት ሙሉ ያረጋገጥኩላት እኔ ነኝ።

«ንፊው» አለችኝ። «ብሎሻል እኮ።»

መንፊያውን ላወጣ ስል ጋሽ ገብረየስ ከእጄ ነጠቁኝ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለወይዘሮ ደሪቱ ሰጡና፣ የእድር ሊቀመንበር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋሽ ገብረየስ፣ መሬት ላይ በርከክ ብለው የኋላውን ጎማ ነፉ። ላብ ግንባራቸው ላይ እስኪወርድ ነፉ። በአውራ ጣታቸው ተጭነው ሞከሩና ጋቢውን አራት ቦታ አጥፈው ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ አነጠፉት። እናቴ በጎን ተቀመጠች፤ ወገቤን ያዘች። አያያዟ ትንፋሽ ያሳጥር ነበር።

ለመሰናበት አንድ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ጎንበስ ስል ጋሽ ገብረየስ ተቆጡኝ።

«ዛሬ ለማንም እንዳትወርጂ» አሉ። «ማን አለ ቢሉሽ እኔ ነኝ ያልኩት።»

ወጣን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነበር፤ ሱቁ በር ላይ የቀሩት አዛውንቶች ቆመው መንገድ ለቀቁልን፣ አንዲት እናት ስኳሯን እንደያዘች እልል አለች። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስደርስ እጄ በልማድ ፍሬኑን ያዘ። እናቴ በአንድ እጇ እያማተበች በሌላው ጎኔን ቆነጠጠችኝና፣ አትቁሚ፣ እመቤታችን ታውቃለች አለች። ከኋላችን አባባ ሁንዴ በቅሎአቸውን ሶምሶማ እያስኬዱ ይከተሉናል፤ እየራቁ፣ እየራቁ ሄዱ።

ገርጂን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር እናቴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች። ጸሎት ስታደርግ ይሰማኛል። ነፋሱ ነጠላዋን አነሳው። ውሾቹ እንደ ወትሮው ተነስተው እስከ ድንበራቸው አባረሩን። ፍሬን ልይዝ ስል ጸሎቱ ቆመ።

«ፍጠኚ» አለችኝ።

ፈጠንኩ። አጥሩ ጋ ስንደርስ አንድ አውሮፕላን ከበላያችን ዝቅ ብሎ መጣና ጥላው በላያችን አለፈ። እናቴ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከአለም መሄድ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ። ይህን ሁሉ ነገር ለብቻሽ ነበር የምትበዪው አለችኝ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላስታውስም።

አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። አሥር አለቃው እናቴን ከዕቃ መጫኛው ላይ ሲያያት አፉን ይዞ ቀረና በሩን ከፈተው፤ ውረዱ እንኳ አላለንም። ከቆርቆሮ ዳሱ ሥር ወታደሮች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አለም ጫፍ ላይ ነበር። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እኔ አየሁት። ወገቤ ላይ ያሉት የእናቴ ጣቶች ሲጨብጡኝ እሷም እንዳየችው አወቅሁ።

እሱም አየን። ልጅ ነውና፣ እናቱ ናትና፣ ተቀምጦ ሊቀበላት አልፈለገም። ክራንቹን መሬት ላይ ተክሎ ለመነሳት ታገለ። አንዴ አቃተው። እንደገና ሞከረ።

እናቴ ቀደመችው። ብስክሌቱ ሳይቆም ወረደች። እኔ ፍሬኑን ስይዝ እሷ ነጠላዋን እየጎተተች ሦስት እርምጃ ሄዳለች፤ ገና ሳይቆም ይዛ አስቀመጠችው፣ ራሷም ፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና የቀረውን እግሩን አቀፈችው።

እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አለም ከእናቴ ትከሻ በላይ ቀና ብሎ እኔን አየ፤ ከዚያ አይኑ ወደ ኋላው ጎማ ወረደ።

«ተነፍቷል» አልኩት።